በኃይል በሚነዱ የስፖርት መኪናዎች ላይ የኋላው ዲፈረንሻል ስለሚደርስበት ፈተና
(በተማሪዎች ማኅበር ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ስፖርት መኪና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ሞተር እሰማለሁ ብላችሁ እንደ መጣችሁ አልጠፋኝም። ሞተር ድምፅ አለው፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የፈረስ ጉልበቱም በማስታወቂያ ላይ በትልልቅ ቍጥር ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከመኪናው ሆድ በታች አቧራና ዘይት ለብሶ ስለሚኖር፤ እስኪሰበር ድረስ ማንም ጐንበስ ብሎ ስለማያየው ብረት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ዲፈረንሻል ሁለት ሥራ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይሠራል። አንደኛው ከካምቢዮው በረጅም ዘንግ የሚመጣውን ዙረት በዘጠና ዲግሪ አጥፎ ወደ ጎማዎቹ መምራትና ፍጥነቱን ቀንሶ የመጠምዘዝ ኃይሉን ማብዛት ነው። ይህን የሚሠሩት ትንሹ ፒኞንና ትልቁ ኮሮና ናቸው። ሁለተኛው ሥራ መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ብዙ እንዲዞር መፍቀድ ነው። ይህ ደግሞ በኮሮናው ላይ የታሠሩት ትንንሾቹ ማርሾች፤ መካኒኮች ሳተላይት የሚሏቸው፤ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ ለመረዳት ከገበሬው ቀንበር የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ቀንበሩ በመካከሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ይታሠራል። ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲስቡ ሞፈሩ ይሄዳል፤ አንደኛው በሬ ሲያዘግም ግን ቀንበሩ ወደ እርሱ ይዞራል እንጂ የብርቱው በሬ ጉልበት ለብቻው እርሻውን አያርስም። ተራው ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። ለግራና ለቀኝ ጎማ ሁል ጊዜ እኩል የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ቢቆም ሌላው በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ቢሆን የሚያገኘው ጭቃ ላይ ያለው የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። ምሳሌ አድርጌ የምወስደው የእንግሊዙን ኤ ሲ ኤስና ከእርሱ የተወለደውን ኮብራን ነው። ኤስ ቀላልና ቅልጥፍ ያለ ክፍት መኪና ነበር። ከገጠሙለት ሞተሮች የታወቀው የብሪስቶል 2 ሊትር ሞተር ሲሆን ኃይሉ 130 የፈረስ ጉልበት አይሞላም ነበር። ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ የቀድሞ የውድድር ነጂ በ1961 ለኤ ሲ ኩባንያ ጻፈና በዚህ ቀላል አካል ላይ ስምንት ሲሊንደር ያለው የአሜሪካ ሞተር እንዲገጠም ጠየቀ። በ1962 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው መኪና ወደ አሜሪካ ተላከ፤ ሞተሩ የፎርድ 4.2 ሊትር ነበር፤ በኋላም 4.7 ሊትር ሆነ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ትልቅ ሞተር ወደ ትንሽ መኪና ገባ ብሎ ያቆማል። መሐንዲሱ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ከገባ በኋላ ሌላው ብረት ምን አለ? በዚያ ሥራ ከተደረጉት ለውጦች ዋነኛው የኋላው ዲፈረንሻል ነበር። ለኤስ ይበቃው የነበረው ኢ ኤን ቪ የተባለው ዲፈረንሻል ወጥቶ በምትኩ ሳሊስበሪ 4 ኤች ዩ ገባ። ይህም በ1961 የወጣው የጃጓር ኢ ታይፕ የተሸከመው ያው ዓይነት ነው። በሬው ቢደልብ ሞፈሩም መወፈር አለበት ማለት ነው።

ስለምን እንዳስፈለገ በቍጥር እንየው። 4.7 ሊትሩ ሞተር በጠንካራው ዓይነቱ ወደ 420 ኒውተን ሜትር የሚሆን የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው ይህን 2.4 ጊዜ ያህል ያበዛዋል፤ ስለዚህ ፒኞኑ ላይ የሚደርሰው ወደ 1,000 ኒውተን ሜትር ነው። የፒኞኑና የኮሮናው ምጣኔ 3.77 ቢሆን በኮሮናው ላይ ወደ 3,800 ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በአንድ ቅጽበት የተገናኙት ሁለት ወይም ሦስት ጥርሶች ናቸው። ጥርሱ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ብዙ አይበልጥም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ሞተሩ 3,800 መስጠት ቢችልም ጎማው ይቀበለዋልን? አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን መኪና በኃይል ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በኋላ ጎማዎቹ ላይ 650 ኪሎ ግራም ያርፋል እንበል። ጎማው መሬቱን የሚቆነጥጠው በክብደቱ ልክ ቢሆንና የጎማው ግማሽ ስፋት 32 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በዘንጉ በኩል ሊያልፍ የሚችለው ወደ 2,000 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጎማው ይንሸራተታል፤ ይጮኻል፤ ይጨሳል። እንግዲህ ያ ጭስ፤ ተመልካቹ የሚያጨበጭብለት፤ ለዲፈረንሻሉ እንደ ኤሌክትሪክ ፊውዝ ያገለግለዋል። ነጂው ለውድድር የተሠራ፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ጎማ ሲያስገባ ፊውዙን አውጥቶ በሚስማር እንደ ተካው ይቈጠራል። ጎማው በክብደቱ አንድ ጊዜ ተኩል የሚቆነጥጥ ከሆነ የሚያልፈው 3,000 ይሆናል። ሞተሩ ያው፤ ካምቢዮው ያው፤ የዲፈረንሻሉ ሸክም ግን በግማሽ ጨመረ። «ሞተሩን አልነካሁትም፤ ታዲያ ስለምን ተሰበረ?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክሙ በዝግታ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ፍሪሲዮኑን በድንገት የሚለቅ ነጂ ግን የሞተሩን ኃይል ብቻ አይደለም የሚልከው፤ በሺህ ዙረት ሲሽከረከር የነበረውን የከባዱን መዘውር የተጠራቀመ ኃይል ጭምር በአንድ ምት ይለቀዋል። በመዶሻ መግፋትና በመዶሻ መምታት አንድ አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኋላ ጎማ መዝለል ነው። ጎማው ይይዛል፤ ይለቃል፤ እንደ ገና ይይዛል፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። ነጂው መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፤ ጥርሶቹ ላይ ግን በየጊዜው መዶሻ ያርፍባቸዋል። መኪናው መዝለል የጀመረ ጊዜ እግሩን ከነዳጁ ላይ የማያነሣ ነጂ መኪናውን እንዳልተረዳው እቈጥራለሁ።

ስለ ጥርሶቹ ቅርጽ ጥቂት ልጨምር። በኋላ ጎማ በሚነዱ ብዙ መኪናዎች ላይ ያለው ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1926 ለመንገድ መኪና አዋለው። በዚህ ዓይነት የፒኞኑ ዘንግ በኮሮናው መካከል ሳይሆን ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ይገባል። ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ረጅሙ ዘንግ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለል ዝቅ ይላል፤ ፒኞኑም ስለሚወፍርና ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ስለሚገናኝ ጥንካሬና ጸጥታ ይጨምራል። ዋጋው ግን አለ። ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው መንከባለል ብቻ ሳይሆን በርዝመታቸው ይፋተጋሉ። በዚያ ግፊት ተራ ዘይት ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል። ለዚህ ነው የዲፈረንሻል ዘይት የድኝና የፎስፎረስ ውሁዶች የሚጨመሩበት፤ ሙቀቱና ግፊቱ ሲበረታ እነዚህ ከብረቱ ፊት ጋር ተዋሕደው ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ የሚፋተገው ሽፋኑ እንጂ ብረቱ አይሆንም። በቆርቆሮው ላይ ጂ ኤል 5 ተብሎ የሚጻፈው ምልክት ይህን ዘይት ያመለክታል። የሞተር ዘይት ጨምሮ «ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚል ሰው ዲፈረንሻሉን በገዛ እጁ እየፈጨው ነው።

አሁን ወደ ሙቀት እንለፍ፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተሰበረ ጥርስ ይታያል፤ ሙቀት ግን ተደብቆ ይሠራል። ሃይፖይድ ማርሽ ከሚያልፍበት ኃይል ከመቶ አራት ያህሉን ወደ ሙቀት ለወጠው እንበል። ነጂው በረጅም የውድድር ሜዳ ላይ በአማካይ 100 ኪሎ ዋት የሚያሳልፍ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ውስጥ 4 ኪሎ ዋት ሙቀት ይቀራል። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ነው። በአንድ ሊትር ተኩል ዘይት ውስጥ ምጣድ ተጥዶ ሳያቋርጥ ሲነድ አስቡት። ሣጥኑ ከነብረቱ 40 ኪሎ ግራም ቢመዝንና አየር ምንም ባያቀዘቅዘው በየደቂቃው 11 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውኃ ከሚፈላበት አልፎ ይሄዳል። አየር ስላለ እንዲህ አይከፋም፤ ነገር ግን በመኪናው ሆድ ሥር ያለው አየር ሰነፍ ነው፤ የጭስ ማውጫውም ብዙ ጊዜ በዲፈረንሻሉ አጠገብ ያልፋል።

ጃጓር ኢ ታይፕ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም አከለበት። የኋላ ፍሬኖቹ እንደ ተለመደው በጎማው በኩል ሳይሆን በዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ተጠግተው ተተከሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከጎማው ጋር የሚዘለው ክብደት ሲቀንስ ጎማው መንገዱን የተሻለ ይከተላል። ዳሩ ግን ነጂው አጥብቆ በያዘ ቍጥር የፍሬኑ ዲስክ ሙቀት በዘንጉ በኩል ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል። የዘይት መከልከያው ጎማ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም የሚፈሰው በፍሬኑ ዲስክ ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ዘይት ያጣል፤ ፍሬኑም መያዝ ያቆማል። የኮብራም የመጀመሪያው ናሙና እንዲሁ ነበር፤ ለሽያጭ የተሠሩት ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ፍሬናቸው ወደ ጎማው ተመለሰ። ለገንዘብ ተብሎ የተደረገው ነገር ለዲፈረንሻሉ ምሕረት ሆነለት ማለት ነው።

ሆኖም ምሕረቱ በቂ አልነበረም። በየካቲት 1964 በፍሎሪዳ በዴይቶና ሜዳ የ2,000 ኪሎ ሜትር ውድድር ተደረገ። ሼልቢ አዲሱን ባለ ጣሪያ ኮብራ፤ በኋላ በሜዳው ስም ዴይቶና ኩፔ የተባለውን፤ ያወጣው በዚያ ቀን ነበር። የዴይቶና ሜዳ ዙሪያው እንደ ሳሕን ጠርዝ የተጋደመ ስለ ሆነ ነጂው ነዳጁን ለረጅም ጊዜ ሳይለቅ ይሄዳል፤ ይህም ለዲፈረንሻል ዕረፍት የሌለበት ቀን ነው። መኪናው ይመራ ነበር። ነዳጅ ለመሙላት በቆመ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር፤ መካኒኩ እርሱን ለማየት ከሥር ገባ፤ በዚያው ጊዜ ከላይ ነዳጅ ሞልቶ ፈሰሰና የጋለው ብረት ላይ ተቀጣጠለ። መካኒኩ ተቃጠለ፤ በሕይወት ወጣ፤ መኪናውም ከውድድሩ ወጣ። የሞተሩ ጥፋት አልነበረም፤ የነጂዎቹም አልነበረም። ያው መኪና ተጠግኖ በሚቀጥለው ወር በሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር በክፍሉ አንደኛ ወጣ። በሰኔም በሌ ማን ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው መኪና በክፍሉ አንደኛ፤ በጠቅላላው አራተኛ ሆነ። በውድድር ኮብራዎች ላይ ለዲፈረንሻሉ ዘይት ብቻ የተለየ ፓምፕና ማቀዝቀዣ መኖሩን አይቶ የሚስቅ ሰው ይህን ታሪክ ያልሰማ ነው።

ዲፈረንሻሉን የሚገድለው ጥርስ ብቻ ደግሞ አይደለም። ፒኞኑን የሚሸከሙት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ። ፒኞኑና ኮሮናው ሲገፋፉ እርስ በርሳቸው ለመራራቅ ይሞክራሉ፤ ኩሽኔታዎቹና ሣጥኑ ናቸው አንድ ላይ የሚይዟቸው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ብቻ ስለ ሆነ ኩሽኔታው ትንሽ ቢላላ ጥርሱ በመካከሉ መገናኘቱን ትቶ በጠርዙ ይገናኛል፤ ጠርዙም ይፈርሳል። የሾጣጣ ኩሽኔታ ዕድሜ ከሸክሙ ጋር በእኩል መጠን አይቀንስም። ሸክሙ ከመቶ 20 ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው አንድ አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ነው የጨመርሁት» የሚለው ቃል በዚህ ሒሳብ ዋጋ የለውም። ኩሽኔታው በፍጥነት ላይ እያለ ቢነክስ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ መኪናው ይሽከረከራል፤ ነጂው ምንም የሚያደርገው የለም። የምንነጋገረው ስለ ጥገና ወጪ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ታያላችሁ።

የምሥራቹ ግን ያው ሒሳብ ወደ ሌላው ወገንም መሥራቱ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ማርሹ ቢተልቅ የሚሸከመው ኃይል በስፋቱ ልክ ሳይሆን ስፋቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ኒሳን ዲፈረንሻሎቹን አር 180፤ አር 200 እያለ ይጠራል፤ ቍጥሩ በግምት የኮሮናው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከ180 ወደ 200 ሲሄድ ስፋቱ የጨመረው ከመቶ 11 ነው፤ ጥንካሬው ግን ከመቶ 37 ያህል ይጨምራል። ማዝዳም በ1989 ያወጣት ትንሿ ኤም ኤክስ 5 በ1.6 ሊትር ሞተር 6 ኢንች ያህል የሆነ ኮሮና ነበራት። ለ1994 ሞዴል 1.8 ሊትር ሞተር ሲገባ ኮሮናው ወደ 7 ኢንች አደገ። በአሜሪካ የተሸጠችው ከ116 ወደ 128 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስትጨምር የዲፈረንሻሉ ጥንካሬ በሒሳባችን ከግማሽ በላይ ጨመረ። ይህን ለጋስነት እኔ አደንቃለሁ። በመጀመሪያዋ መኪና ላይ ቱርቦ የሚገጥሙ ሰዎችም ትንሹን ዲፈረንሻል ከሰበሩ በኋላ፤ ብልሆቹም ሳይሰብሩ በፊት፤ የኋለኛይቱን ፈልገው ያስገባሉ።

ስለ ኒሳን ካነሣሁ ጎረቤታችንን ኬንያን ሳላነሣ አላልፍም። በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በጥርጊያ መንገድ፤ በጭቃና በጕድጓድ ላይ የሚደረግ ነበር። ዳትሰን 240 ዜድ የተባለው ስፖርት መኪና በ1971ና በ1973 አሸነፈው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ፈተናው ሌላ መልክ አለው። መኪናው ከጕብታ ላይ ሲዘል የኋላ ጎማዎቹ በአየር ላይ ሸክም አጥተው ይፈጥናሉ፤ ሲያርፉ መሬቱ በአንድ ጊዜ ያቆማቸዋል። እግሩን ከማረፉ በፊት የሚያነሣ ነጂ ዲፈረንሻሉን እስከ መጨረሻው ያደርሳል፤ የማያነሣው ደግሞ በሚቀጥለው መንደር ቆሞ ይገኛል።

አንድ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከርስ? ሳተላይቶቹ የቆሙት በአንዲት ቀጭን ዘንግ ላይ ነው፤ የተሠሩትም በመታጠፊያ ላይ ቀስ ብለው እንዲዞሩ ነው። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው በከንቱ ሲበር በከፍተኛ ፍጥነት ይዞራሉ፤ ዘይቱ አይደርሳቸውም፤ ከዘንጓ ጋር ይጣበቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። በዚህ ምክንያትም፤ ይልቁንም ጎማው በከንቱ እንዳይዞር፤ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ተፈለሰፈ። ፈርዲናንድ ፖርሼ ለአውቶ ዩኒየን የነደፈው ባለ 16 ሲሊንደር የውድድር መኪና ኃይሉ ከመብዛቱ የተነሣ አንድ የኋላ ጎማው በታላቅ ፍጥነት ላይ እንኳ ይንሸራተት ስለ ነበረ በ1935 ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንዲህ ያለውን ዲፈረንሻል እንዲሠራለት አዘዘ።

ሳተላይቶቹን ከጎን ማርሾቹ ጋር በብየዳ አጣብቆ «አሁን አይንሸራተትም» የሚል መካኒክም አይጠፋም። አይንሸራተትም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመታጠፊያ ላይ አንዱ ጎማ መጎተት ግድ ይሆንበታል፤ ውስጠኛው ጎማ ከመሬት ሲነሣም የኃይሉ ሁሉ ሸክም በአንዱ የጎማ ዘንግ ላይ ብቻ ይወድቃል። ሸክሙ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ትልቅ ዲፈረንሻል የሚያስገባውም ሰው ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ከእንግዲህ የሚሰበረው የትኛው ነው? ለእኔ ከዲፈረንሻሉ ይልቅ የጎማው ዘንግ ቢሰበር እመርጣለሁ፤ ዘንግ በአንድ ሰዓት ይለወጣል፤ የፒኞንና የኮሮና አቀማመጥ ግን ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ፤ የሚገናኝበት ስፍራ ታይቶ፤ ስስ ቆርቆሮ እየተጨመረና እየተቀነሰ የሚሠራ የትዕግሥት ሥራ ነው።

በመጨረሻ ለመስማት ያህል የሚረዳችሁን ልንገራችሁ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያፏጭ ዲፈረንሻል የጥርሱ የመንጃ ፊት ተበልቷል ወይም አቀማመጡ ተዛብቷል፤ እግር ሲነሣ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ሌላውን ፊት ወይም የፒኞኑን ኩሽኔታ ጠርጥሩ፤ ሳያቋርጥ የሚያጕረመርም ከሆነ ኩሽኔታ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ሳተላይቶቹን እዩ። ዘይቱን ስታወርዱ በመክፈቻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ በጣታችሁ ጥረጉት። እንደ አመድ ውሁድ የሆነ ግራጫ ነገር ካገኛችሁ ጥረጉና መልሱት፤ ተፈጥሮው ነው። ጥፍር የሚያህል፤ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ካገኛችሁ ግን መኪናውን ከዚያ ቦታ አታንቀሳቅሱት።